ለአባባ ለቅሶ የታደሰው ጠመንጃ

ወንድሜ ጉታ አናጢ ነበር። ጉለሌ ውስጥ እሱ ያልሠራው በር ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል፤ የራሳችን ቤት በር ግን እንደተንጋደደ ቀረ። "ነገ" ይለኝ ነበር። እጁ ወርቅ፣ ቀጠሮው ውሸት። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ስድስት ወር ሙሉ ሳይሰለች ያደሰው።

ጠመንጃው የአያታችን የቶለሳ ነበር፤ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ። በእኛ ዘንድ ወንድ ሲሞት ልብሱና ጠመንጃው ለቅሶው ላይ ይወጣል፤ አልቃሽ እሱን እያየች ሙሾ ታወርዳለች፣ ሰውም እሱን እያየ ያለቅሳል። አያታችን የሞቱ ጊዜ አባባ ያንን ጠመንጃ ከፍ አድርገው ይዘው ግቢውን ሲዞሩ አይቻለሁ። አባባ ራሳቸው ግን አዳኝ አልነበሩም። ከለቅሶው በኋላ ጣራው ሣር ውስጥ ሸጎጡትና ረሱት፤ ክረምት ክረምት ጣራው ሲያፈስ ውሃው በእሱ ላይ ይወርድ ነበር።

በሃያ ስምንት ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ገባና መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስረክብ፣ ደብቆ የተገኘ ይሞታል ተባለ። እኛ አላስረከብንም። በዚያው ክረምት አባባ በጠና ታመው ተኝተው ሳለ፣ ጣራ ጣራ እያዩ "እኔን እንግዲህ በምን ታለቅሱኝ ይሆን?" አሉ። ጉታ አጠገባቸው ነበር። አባባ ሲሻላቸው መሰላል አቁሞ ጠመንጃውን አወረደው።

ሲያወርደው ጠመንጃ የሚባል ነገር አልነበረም። ብረቱ በዝገት ቀልቷል፣ ቃታው አልነቃነቅ ብሏል፣ ሰደፉ ተሰንጥቋል፤ ከአንደኛው አፈሙዝ የተርብ ቤት ወጣ።

"ለማገዶ አትሰጠኝም?" ብዬ ቀለድኩበት።

"ሾዴ፣ አንቺ ደጁን ጠብቂ" አለኝ።

የሚሠራው በቀን ነበር። ከአናጢ ቤት በቀን የመዶሻ ድምፅ ቢሰማ ማን ይጠረጥራል? እኔ ደጅ ተቀምጬ እህል እለቅማለሁ፤ ሰው ወደ እኛ ሲያቀና "ዶሮዋን ያዙልኝ!" ብዬ እጮሃለሁ፤ እሱ ጠመንጃውን ከሳንቃ ሥር ይከታል። "የዚህች ዶሮ ነገር በዛ፤ እንረዳትና ይለይላት" ይል ነበር እየሳቀ።

ዝገቱን በላምባ እያራሰ በአመድ ፈተገው። ቀጭን ዱላ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ የአፈሙዙን ውስጥ ጠረገ፤ ጨርቁ ቀልቶ መውጣቱን እስኪተው ስንት ቀን እንደፈጀ አላስታውስም። የተሰነጠቀውን ሰደፍ አልጣለውም፤ የአያታችን ጉንጭ የነካው እንጨት ነው ብሎ ቁራጭ ወይራ ጠርቦ ገጠመበት። መጋጠሚያውን በጣቴ ዳብሼ አጣሁት።

አባባ ይህን ሁሉ ያያሉ። አንድ ቀን "ለመተኮስ ነው?" አሉት።

"ለእርስዎ ነው፣ አባባ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ሲሞቱ።"

አባባ ፊታቸውን አዞሩ። እያለቀሱ እንደነበር አውቃለሁ።

የካቲት አሥራ ሁለት ቀን ጠዋት፣ የቀረው ሰደፉን በሰም ማሸት ብቻ ነበር። ጉታ ሰሙን ነገ እገዛለሁ አለ። እኔ ደግሞ ፍርሃቱ መሮኝ ነበር። "ነገ፣ ነገ! ዛሬ ጨርስና ቅበረው፤ ዶሮ መጥራት ሰለቸኝ!" ብዬ ጮህኩበት። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የዛሬን ለነገ አላሳደረም። ጋቢውን ጣል አድርጎ ወደ ገበያ ወረደ።

እኩለ ቀን ላይ ከታች ተኩስ ተሰማ። ጣሊያኖች ሦስት ቀን ሙሉ ያገኙትን ሰው ገደሉ። ከእኛ በላይ ያሉት ቤቶች ነደዱ፤ የእኛ ተረፈ። ጉታ አልተመለሰም፤ ሬሳውንም አላገኘንም። የላክሁት እኔ ነኝ። ይህን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ አልቀለለኝም።

ጥቂት ሳምንት ጠብቀን ሬሳ የሌለው ለቅሶ ተቀመጥን። ግቢው ውስጥ ጨርቅ አንጥፌ ሸሚዙንና መጋዙን አኖርኩ። ሌላ ምን ነበረው? አባባ ብድግ ብለው ወደ ቤት ገቡ። ጠመንጃውን ይዘው ሲወጡ ለቀስተኛው ወደ ኋላ ሸሸ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

"አባባ፣ ይሰቅሉዎታል! ለእርስዎ ብሎ እኮ ነው የሠራው!"

"ለኔ ብሎ ከሠራው የኔ ነው" አሉ። "ለልጄ ሰጠሁት።"

ሰም ያልነካውን ሰደፍ በጋቢያቸው ጠረግ አድርገው ከፍ አደረጉት፤ ግቢውንም ዞሩ። ያን ጊዜ ፈርቶ የነበረው ሰው ሁሉ አለቀሰ።

በሦስተኛው ቀን ወታደሮች መጥተው አባባንም ጠመንጃውንም ወሰዱ። ከለቀስተኛው ማን እንደተናገረ አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም እላለሁ፤ ውሸቴን ነው።

በሠላሳ አንድ ዓ.ም. ከእስር የተፈታ አንድ ሰው የአባባን መርዶ ይዞ መጣ። ያንኑ ጨርቅ እዚያው ግቢ አነጠፍኩና አሮጌ ጋቢያቸውን ዘረጋሁበት። አጠገቡ የማኖረው ፈልጌ ቤቱን ዞርኩ። ከመጋዙ በቀር የወንድ ዕቃ አልነበረም፤ መጋዙ ደግሞ የጉታ ነው። መልሼ ሰቀልኩት። አባባን ያለ ጠመንጃ አለቀስናቸው።