የእትዬ ይታይሽ የመጀመሪያ ድምፅ

ዛሬ ታግዬ የመምረጥ መብት ያስገኘሁላቸው ሴትዮ፣ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ በዚያው ድምፅ ሐሳቤን ቀበሩት!

ጠዋት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበራችን እዚሁ እስራኤል፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ ጠቅላላ ጉባኤ ነበረው። እስከ ዛሬ ድምፅ የሚሰጠው ዲግሪ ያለው አባል ብቻ ነበር። እኔ "ዲግሪ የሌላቸውም አባላት ይምረጡ" ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ።

በልቤ የያዝኩት እትዬ ይታይሽን ነው። ኤም ሃሞሻቮት ሰፈር ባለው ሲፍሪያችን፣ ማለት ቤተ መጻሕፍታችን፣ ዕድሜያቸውን መጽሐፍ ሲደረድሩ ኖረዋል። የጠፋ መጽሐፍ ከኮምፒውተሩ ቀድመው ያገኛሉ።

ሐሳቤ አለፈ! ተጨበጨበ፣ እኔም አለቀስኩ። (ትንሽ ነው፣ አታጋንኑ።)

ቀጥሎ ሌላ ሐሳብ አመጣሁ፦ ከእንግዲህ ስብሰባችን በዙም ይሁን። ሰብሳቢዋ እጅ ቆጠረች፤ እኩል ለእኩል ሆነ። እጃቸውን ያላወጡት እትዬ ይታይሽ ብቻ ናቸው።

እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ። ዕብራይስጥ ያውቃሉ፤ ቁም ነገር ሲሆን ግን በአማርኛ ነው።

"እኔ አልስማማም። ሰው ፊት ለፊት ሳይተያይ ምኑን ተመካከረ?"

ለሰብሳቢዋ ማን ያስተረጎመ ይመስላችኋል? እኔው ነኛ! ሽንፈቴን በገዛ አፌ ተረጎምኩ።

ስንወጣ "እትዬ፣ ምነው ጨከኑብኝ?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ድምፁን ያሰጠሽኝ ያንቺኑ እንድደግምልሽ ነበር እንዴ?"

በሰደር፣ እሺ ብዬ እጅ ሰጠሁ።

እናንተስ? ራሳችሁ በከፈታችሁለት በር ገብቶ የረታችሁ ሰው አለ? ጻፉልኝ፣ ተሸናፊዋ እኔ ብቻ አልሁን።