የጋሽ ሶርሳ ግድግዳ መስታወት

ጋሽ ሶርሳ እንግዳ ሲመጣባቸው ቤታቸውን ሳያሰናዱ ቀርተው አያውቁም። መሬት በተንቀጠቀጠ ሰሞን አንዲት መሐንዲስ የተጎዱ ቤቶችን እየዞረች እንደምታይ ሲሰሙም፣ የሳሎናቸውን ስንጥቅ በሲሚንቶ ደፍነው፣ ኖራ ቀብተው፣ ወንበር ወልውለው ጠበቋት። ግድግዳቸውን ለምርመራ ኩለው የጠበቁት እሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ ያለው ሰፈር ሁሉ ሰርግ ያለበት መስሎ ነበር።

ከጎጃም ተመድባ ጂንካ የመጣችው ተናኜ እርጥቡን ኖራ በጣቷ ነካችና ሳቀች።

«ጋሼ፣ ቁስሉን ሸፍነው ነው ሐኪም የሚጠሩት?»

«ልጄ፣ እንግዳ እየመጣ የተሰነጠቀ ግድግዳ ይታያል? ምን ትይናለሽ!»

ሲሚንቶው ሲፋቅ ስንጥቁ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ጣራው ይወጣል። ተናኜ ቀጭን መስታወት አጋድማበት ግራና ቀኙን በጄሶ አጣበቀች።

«ይህ ከተሰበረ ግድግዳው ገና እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው። ያኔ መፍረስ አለበት። እንዳይነኩት።»

ጋሽ ሶርሳ መፍረስ የሚለውን ነገር አልወደዱትም። ደርግ በወደቀ ማግስት ከአሪ ገጠር መጥተው ትምህርት ቤት በጥበቃ እንደተቀጠሩ፣ ይህን ክፍል ከባለቤታቸው ከምህረት ጋር ነው የሠሩት። እሳቸው ብሎኬት ሲደረድሩ፣ ምህረት ከታች ቆማ «ጠሟል» እያለች ታስፈርሳቸው ነበር። ካረፈች ወዲህ ፎቶዋ ከግድግዳው ትይዩ ተሰቅሏል።

ጎረቤታቸው ታደለ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለ ይነካካቸዋል።

«ጋሽ ሶርሳ፣ ግድግዳዎ መነጽር አደረገ አሉ። ማንበብ ጀመረ?»

«ጀምሯል። አንተን መቅደሙ አይቀርም።»

አንድ ጠዋት መሬቱ እንደገና ተነቃነቀ። የድስት ክዳን ተንኳኳ፣ ዶሮዎች ጮኹ፣ አበቃ። ጋሽ ሶርሳ ሳሎን ሲገቡ መስታወቱ መሃል ለመሃል ተሰብሯል። ቁጭ ብለው አዩት። ከዚያ ተነሱና እንግዳ ሲመጣ የሚያደርጉትን አደረጉ።

ተናኜ ስትመለስ መስታወቱ ደህና ነበር። ጎንበስ ብላ ጄሶውን መረመረች። ቀና አለች፤ ዓይኗ ፎቶው ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ የእማማ ምህረት ፎቶ መስታወቱ የት ሄደ?»

«ሙቀቱ በረታ። ትንሽ ነፋስ ታግኝ ብዬ ነው።»

ተናኜ ሳቋ መጣባትና ዋጠችው። እጇን ዘረጋችላቸው። ጋሽ ሶርሳ በመሐረብ የጠቀለሉትን ስባሪ ከኪሳቸው አወጡ።

«እንግዲህ ይፈርሳል?»

«ይህ ግድግዳ ብቻ። ጣራውን በእንጨት ደግፈን፣ ብረት አስገብተን መልሰን እናቆመዋለን። እስከዚያ ግን እዚህ አያድሩም።»

«ምህረትስ?»

«እሳቸውም አያድሩም።»

ጋሽ ሶርሳ ፎቶውን አወረዱ፣ በእጅጌያቸው ጠረጉት፣ ብብታቸው ሥር ይዘው ወጡ። ታደለ አጥሩ ላይ ነበር።

«ምን ተገኘ ጋሽ ሶርሳ?»

«መነጽሩ ተሰበረ። አልጋ አለህ? ሁለት ነን።»