በጆሮ የጻፍኩት የኮምባይነር ተራ

አሰላ ውስጥ የተበላሸ ሬዲዮ በጆሮው ብቻ የሚመረምር ሰው ከእኔ ሌላ አልነበረም። ያስተማረኝ የለም፤ ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ አወቅሁ። ስድሳ ዓመቴን እንዳለፍኩ የዓይን ግፊት ብርሃኔን ሲወስደው ሰፈርተኛው አዘነልኝ። እኔ ግን ሱቄን ዘግቼ ላፕቶፕ ገዛሁ። ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ጫንኩበትና በሁለት ዓመት ውስጥ ራሴ ፕሮግራም መጻፍ ጀመርኩ። ወጣቶቹ ይህን ለመማር ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ይቀመጣሉ።

የከበደኝ ፕሮግራም መጻፉ አልነበረም፤ ኮድ የሚጻፍባቸው መሣሪያዎች ነበሩ። የሠሯቸው ሰዎች ዓይነ ስውር ኮድ ይጽፋል ብለው አላሰቡም። ሁሉም የሚያደንቀውን አንዱን መሣሪያ ስከፍተው ያ አንባቢ ፕሮግራሜ “ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ” ይላል። የምን ቁልፍ እንደሆነ አይናገርም፤ ቁልፉ ላይ ያለው ሥዕል ብቻ ነውና። ስሳሳት መሣሪያው ከስሕተቱ ሥር ቀይ መስመር ያሰምርልኛል፤ ቀይ መስመር ደግሞ ድምፅ የለውም። ሦስት ወር ታገልኩት። በመጨረሻ ተውኩትና ኮዱን በተራ የጽሑፍ ማስታወሻ ላይ መጻፍ፣ ስሕተቱ በቃላት በሚወጣበት ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ማስኬድ ጀመርኩ። አንባቢዬን በየመስመሩ መጀመሪያ ያለውን ባዶ ቦታ ሳይቀር እየቆጠረ እንዲነግረኝ አደረግሁት። አንባቢዬን በጣም ስለማፈጥነው ሌላ ሰው ሲሰማው የተቆጣች ዶሮ ይመስለዋል። እኔ አንድም ቃል አያመልጠኝም።

አምና የአንድ የሁሩታ ስንዴ አምራቾች ማኅበር ሊቀመንበር ቤቴ ድረስ መጣ። ስንዴ የሚያጭድላቸው ኮምባይነር ተራው በዕጣ ስለሚወጣ ለአጨዳ የደረሰው ማሳ ወደኋላ ቀርቶ ዝናብ ይመታዋል፤ ኮምባይነሩ ግን ገና ካልበሰለው ማሳ ዳር ቆሞ ይጠብቃል። የተዘራበትን ቀን፣ የስንዴውን ዓይነትና የማሳውን ቦታ አመዛዝኖ ተራ የሚያወጣ ፕሮግራም እንድሠራለት ለመነኝ። ስብሰባ ላይ አሳይቼ አባላቱ ከተቀበሉት በዚያው አጨዳ ይጠቀሙበታል፤ ካልሆነ ዕጣው ይቀጥላል።

“ባሏ የሞተባት አንዲት እናት አለች” አለኝ። “ሁለት ዓመት ተከታትሎ የመጨረሻው ዕጣ ደረሳትና ስንዴዋ እንደቆመ በዝናብ በቀለባት። ዘንድሮም ከደገማት መሬቱን ለሌላ ልትለቅ ነው።”

አምስት ሳምንት ሠራሁ። ሲያልቅ፣ ለሚያዩ ሰዎች ያምር ብዬ ቀለም ጨመርኩበት። ለማንም ግን አላሳየሁም። የሽማግሌው ሥራ የሰው ዓይን ፈለገ እንዲባል አልፈለግሁም።

በስብሰባው ቀን ላፕቶፔን ከፕሮጀክተር ጋር አገናኙልኝ። ፕሮግራሙን አስነሳሁት። ዝርዝሩ በጆሮ ማዳመጫዬ ከላይ እስከ ታች ተነበበልኝ፤ እንከን አልነበረውም። እጄን ወደ ግድግዳው ዘርግቼ “ይኸው” አልኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አድናቆት መስሎኝ ትንሽ ታገስኩ።

“ጋሼ” አለ ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ፣ “ግድግዳው ላይ ነጭ ብቻ ነው የሚታየው።”

ከኋላ አንዱ በኦሮምኛ፣ እሳቸው ያዩትን እኛ ካላየን ዓይነ ስውሮቹ እኛ ነን ማለት ነው ሲል አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሌላው ዕጣው ይምጣ አለ።

ወዲያው ገባኝ። ቀለሞቹ በኮድ የሚጻፉበትን ቁጥር በቃሌ ስጽፍ ፊደሉንም ጀርባውንም ነጭ አድርጌዋለሁ። አንባቢዬ ለቀለም ግድ የለውም፤ ነጭ በነጭ ላይ ቢጻፍም ያነባል። እነዚያ መሣሪያ ሠሪዎች በእኔ ላይ ያደረጉትን እኔ በአዳራሽ ሙሉ ገበሬ ላይ አደረግሁት።

ሩብ ሰዓት ስጡኝ አልኩ። ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ሊቀመንበሩ ግን ወንበሩን ስቦ ከጎኔ ተቀመጠ። እዚያው ኮዱን ከፍቼ ፊደሉን ጥቁር አደረግሁ።

“አሁንስ?”

“መጣ። ግን ስሙና ቀኑ ተደራርበዋል።”

አራራቅኋቸው። የቀኙ ጫፍ ተቆርጧል አለኝ፤ አጠበብኩት። አሁን ደግሞ ፊደሉ ደቀቀ አለ፤ አጎላሁት። የዚያን ቀን ስክሪን አንባቢዬ እሱ ነበር። ከማሽኑ እጅግ ቢዘገይም አንድም ነገር አልደበቀኝም። ሩብ ሰዓቱ ሳይሞላ ተነሥቶ ዝርዝሩን ጮክ ብሎ አነበበ። አንደኛ የወጣችው ያች እናት ነበረች፤ ቀድማ ዘርታለች፣ ማሳዋም ወደ ቆላው ነው። የራሱ ስም ጋ ሲደርስ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበው። አርባ አንደኛ ነበር።

“ማሳህ ገና አረንጓዴ ነው” አለው አንዱ ከፊት ወንበር። “እንኳን ማሽኑ እኛም እናውቃለን።”

“ልክ ነው” አለና ቀጠለ። አንብቦ ሲጨርስ እጅ አስወጣ። ድምፁ እየተቆጠረ ሲነገር ሰማሁ፤ ዕጣው ቀረ።

አጨዳው የተጀመረ ዕለት በሚኒባስ ሁሩታ ወርጄ ከዚያች እናት ማሳ ዳር ቆምኩ። ኮምባይነሩ ሁለት ዙር እንደሄደ የሞተሩ ቀበቶ መላላቱን በድምፁ ለይቼ ለሹፌሩ ነገርኩት። ወርዶ ሲያየው እውነት ነበር፤ አጠበቀውና ሥራው ቀጠለ። እሷ ከጆንያው እፍኝ ስንዴ አምጥታ መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝ።

“እስቲ ይሞክሩት” አለችኝ።

አንዷን ፍሬ በጥርሴ ሰበርኳት። ደረቅ ነበረች። ዝናቡ የመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።