የወጌሻው ትከሻ

ዘሩን የማያውቅ የጅጋ ሰው የለም። እግሩን ወለም ያለው፣ ክንዱ የወለቀበት ሁሉ የሚሮጠው እሱ ዘንድ ነበር። ታዲያ ሰውየው ሲያሽ ርኅራኄ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። በሽተኛው ሲጮህ «ወንድ አይደለህም እንዴ? ዝም በል!» ብሎ ይቆጣና ጎትቶ ቋ ያደርገዋል። ብዙው ድኖ ስለሚሄድ ቁጣውን ይችሉለት ነበር።

ከሚሌኒየሙ ወዲህ ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆን ነው፣ በግሽ ዓባይ በኩል ላለ በሽተኛ ተጠርቶ ሲሄድ በቅሎው ደነበረችና በቀኝ እጁ ላይ ወደቀ። ሲነሣ ክንዱ አልታዘዝ አለው። «ወለቀ!» አለ። ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ብሎ ማን ያስብ? ቤቱ እንደ ደረሰ መሬት ላይ ተጋደመና ሚስቱን ወለተ ጊዮርጊስን ጠራ።

«እግርሽን ብብቴ ውስጥ አድርጊና ሳቢ!»

«ኧረ አንተ ሰው፣ እኔ እፈራለሁ!»

«ሳቢ ብዬሻለሁ!»

ሳበች። ጩኸቱን ጎረቤት ሁሉ ሰማው። ሌላውን ዝም በል ሲል የኖረ ሰው እኮ ነው! እሷም ክንዱን ለቅቃ ደጅ ወጥታ አለቀሰች።

ወር ሙሉ በቅቤ ታሸ፣ ታሰረ። እጁ ግን ከደረቱ በላይ አልወጣ አለ። ላንሣው ሲል ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ አንገቱ ይዘማል፣ ክንዱ እዚያው ይቀራል። ይህን አነሣስ የሆነ ቦታ አይቶታል። የት እንደሆነ ትዝ ሲለው ክንዱን ቶሎ አወረደ። ጎረቤቱ ቢሆነኝ! ከአምስት ዓመት በፊት ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ወድቆ መጥቶ፣ ዘሩ ጎትቶለት፣ ከዚያ ወዲህ እጁ አልተነሣም። ጤፍ እንኳ በግራው ነው የሚዘራው። ዘሩ ደግሞ «ሰነፍ! ስላላሠራኸው ነው» እያለ በሰው ፊት ሲያሾፍበት ኖሯል።

በመጨረሻ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሄደ፤ እነሱም ወደ አዲስ አበባ ላኩት። ኤምአርአይ የሚሉት መሣሪያ ውስጥ ከተው ካዩት በኋላ፣ ዶክተር ፍሬሕይወት የምትባል ቀዶ ሐኪም ክንዱን ወደ ጎን አነሣችና «እንዲህ ያቆዩት አባቴ» ብላ ለቀቀችው። ክንዱ ዱብ አለ።

«አልወለቀም» አለችው። «የትከሻን አጥንት ከላይ አቅፈው የሚይዙ ጅማቶች አሉ። አንዱ ከአጥንቱ ላይ ተቀዷል። ሲጎትቱት ይብስበታል እንጂ አይገጥምም። እኛ መልሰን አጥንቱ ላይ እንሰፋዋለን።»

ስለ ራሱ በመጠየቅ ፈንታ «አምስት ዓመት የቆየስ እንደሆነ?» አለ።

«ያን ያህል ከቆየማ ጅማቱ ከአጥንቱ ይሸሻል፣ ጡንቻውም ይመነምናል። ብዙውን ጊዜ አይሰፋም።»



ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲገፉት ሰመመኑን ፈራ፣ ሞትን ፈራ። ከሁሉ በላይ ግን እግዜር የቢሆነኝን ክንድ ለእኔ ሊሰጠኝ ነው ብሎ ፈራ። የነርሷን ልብስ ጨምድዶ ያዘ። «አይዞዎት» አለችው። እሱ በዕድሜው ለአንድ በሽተኛ እንኳ ብሎት አያውቅም።

ከዚያ ስድስት ሳምንት ክንዱ አንገቱ ላይ ታስሮ ከረመ። በራሱ እንዳያነሣው ተከልክሏል። ወለተ ጊዮርጊስ ናት ሐኪሟ እንዳሳየቻት አስተኝታ ቀስ እያደረገች የምታነሣለት። ሲያስነጥሰው ስፌቱ የተበጠሰ ይመስለውና ዓይኑ ይፈጣል። ጎኑን አሳርፎ መተኛት ቀረ፤ ትራስ ተደግፎ ቁጭ እንዳለ ያነጋል። ቢሆነኝ ሊጠይቀው በመጣ ቁጥር ደግሞ «ተኝቷል በይው» ይላታል። ምን ዓይን አለውና!

ማሰሪያው ሲፈታ ክንዱ ከስቶ የሌላ ሰው መሰለ። በየቀኑ ግድግዳው ላይ በጣቶቹ እየዳኸ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ መስኮቱ ሥር ቀረ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ መስኮቱን አለፈ። ወራት ቆይቶ አንድ ጠዋት እጁ ግንባሩ ደረሰና በቀኙ አማተበ። እንደ ሕፃን አለቀሰ። አልቅሶ ሲያበቃ «ቢሆነኝን ጥሪልኝ» አለ።

ቢሆነኝ መጣ። ዘሩ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ክንዱን ወደ ጎን አነሣለትና «እስቲ እንዲህ አቆየው» ብሎ ለቀቀው። ክንዱ ዱብ አለ።

«ያን ጊዜ አልወለቀም ነበር» አለ ዘሩ። «ጅማቱ ተቀድዶ ነበር። እኔ ጎትቼ አባስኩብህ። ሰነፍ ያልኩህም ውሸቴን ነው።»

ቢሆነኝ የወደቀውን ክንዱን በግራው ደገፈ። «ሐኪሞቹ ዘንድ ብሄድ ይሰፉልኝ ይሆን፣ አያ ዘሩ?»

«ጊዜው ያለፈ ይመስለኛል። ግን አብሬህ እሄዳለሁ፤ ሐኪሟ ትይህ።»

ቢሆነኝ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። «የእርስዎስ ተነሣ?» አለ።

ዘሩ ጠዋት ግንባሩ የደረሰውን እጅ ጋቢው ውስጥ ሸሸገው።

«ተነሣ» አለ።