አባ ሜጫ ያስለመዱኝ አረማመድ

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ የእናቷን ጫማ አጥልቃ በረንዳውን ትመላለስበታለች። ተረከዙ ሲሚንቶውን ጧ ባደረገ ቁጥር ልቤ ጅማ ይገባል፤ ጊንጆ ሰፈር፣ አሮጌው ቤታችን ደጃፍ።

ጊዜው ደርግ ነው። ቀበሌው ሱቅ ጫማ ገባ ከተባለ የሚያማርጥ የለም፣ የደረሰውን ታቅፎ መሮጥ ነው። እናቴም «ለከርሞም ይሆናታል» ብላ እንደ ጀልባ የሰፋ ጥቁር ጫማ አመጣችልኝና አፍንጫው ውስጥ ጨርቅ ጠቀጠቀችበት። የሰፈሩ እናት ሁሉ እንዲያ ነበር የምታደርገው። እኔ ታዲያ እንዳይወልቅብኝ ጣቶቼን ጨብጬ፣ አንገቴን ደፍቼ መሄድ ለመድኩ። ውሎ አድሮ ጠዋት ስነሳ ተረከዜ መሬት አላስነካ አለኝ፤ ወገቤም ይቆረጥመኝ ጀመር።

ክፋቱ ደግሞ ለላብ አደሮች ቀን ሰልፍ ከትምህርት ቤታችን ፊት ባንዲራ እንድይዝ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። መምህራችን ሳነክስ አይተው፣ «እስከ ሰኞ ካልተሻለሽ ሌላ ልጅ ትይዛለች» አሉ። እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ።

ጎረቤታችን አባ ሜጫ በጉልምስናቸው ከጌራ እስከ ጅማ ቡና የጫኑ በቅሎዎች እየነዱ በእግራቸው የተመላለሱ ሰው ናቸው። አርጅተውም ጀርባቸው አልጎበጠም። ሰውን የሚያዩት እንደ በቅሎ ከእግሩ ጀምረው ነበርና አንዳንዱ ይቀየማቸዋል። ያን ቀን ደጃቸው ላይ ለማምሻው የአስር ሰላት ውዱእ እያደረጉ፣ በእግር ጣቶቻቸው መሃል ውሃውን በትንሿ ጣታቸው እያዳረሱ ሳለ እያነከስኩ አለፍኩ።

«ኮቱ፣ ነይ እስቲ። አውልቂው።»

የተጣበቁ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈልቀቅ አደረጓቸው። ከዚያም ወደ ቤታችን ዞረው እናቴን ተጣሩ።

«ያ ረቢ! አስካለ፣ ይቺ ልጅ እኮ ጫማዋን በጣቶቿ ተሸክማ ነው የምትሄደው! በቅሎ እንኳ አንገቷን ደፍታ እግሯን ከሰበሰበች ባዶዋንም ትወድቃለች።»

«ታዲያ በባዶ እግሯ ትሂድ፣ አባ ሜጫ?» አለች እናቴ። «ሰው ምን ይለኛል?»

«ያለውን ይበል። እግሩን አያውሳት!»

እናቴ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስመለስ አወቱ ወንዝ ዳር ይወስዱኝ ጀመር። ሣሩ ዝናብ ጠጥቶ እግሬ ሥር ይለሰልሳል፤ ጭቃው በጣቶቼ መሃል ሽቅብ ይወጣል። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። «ሱታ፣ ቀስ በይ። ቀና! ሣሩን አትይው፣ የትም አይሄድብሽም። ጣቶችሽን ልቀቂያቸው፣ ትከሻሽንም።» እናቴም ጨክና ያንን ጫማ ለአክስቴ ልጅ ሰጠችና የልጅቷን አሮጌ፣ በልኬ የሆነውን፣ በለውጡ ተቀበለችልኝ።

ሰኞ ተረከዜ ፈጽሞ አልዳነም ነበር፤ ግን አላነከስኩም። በሰልፉ ቀን ባንዲራውን ይዤ ሳልፍ አባ ሜጫ ከሕዝቡ መሃል ቆመው እግሬን ብቻ ያዩ ነበር። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አባ ሜጫ ካረፉ ቆዩ። ልጅ አልነበራቸውም። አምና ጅማ ሄጄ በገበያው ሳልፍ አንዲት አሮጊት ከኋላዬ ጠሩኝ። ዞርኩ። ፊቴን አተኩረው አዩት።

«መልክሽንስ አላወቅሁትም» አሉኝ። «አረማመድሽ ነው እንጂ። የአባ ሜጫ ልጅ ነሽ?»

«አዎ፣ ነኝ» አልኳቸው።