ለመግቢያ ኮከብ፣ ለመውጫ ሰዓት

ሰሞኑን በሬዲዮ አንድ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ስለ ደቡብ ሰማይ ኮከቦች ሲያወራ ሰማሁ። ሱሄል የሚባለው ኮከብ ከፀሐይ እጅግ የሚበልጥ ግዙፍ መሆኑን ነገረን፤ ይህን ወደድሁለት። ቀጥሎ ግን፣ «የቆላው የቀን ሠራተኛ ሰዓት ሳያስፈልገው፣ በሱሄል እየተመራ፣ ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ ይሠራ ነበር» አለ። የያዝሁትን ሻይ አስቀመጥሁ። እኔ በሱሄል ተመርቼ ሠርቻለሁ። ማን ከማን ጋር እንደተስማማ ልንገረው።

እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ አክስቴ እትዬ ስንዱ ናቸው። ክረምቱ ሲወጣ ከደጋ ወርደን ሽንፋ አካባቢ ሰሊጥ እናጭድ ነበር፤ እሳቸው ያጭዳሉ፣ እኔ ከኋላ እየተከተልሁ ነዶ አስራለሁ። ያን ጊዜ ገና ኮረዳ ነበርሁ። ዝናቡ ሲያባራ ዋልካው አፈር እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል፤ የሰሊጡ ሽታ ልብስ ውስጥ ይገባና ቢያጥቡት አይለቅም። ምግባችን የደረቀ የማሽላ እንጀራ በበርበሬ ነው። ባለሱቁ ሐጂ ደስ ያላቸው ቀን ስኳር የበዛበት ሻይ ይጨምሩልን ነበር።

የእርሻው ባለቤት የሚኖር ጎንደር ነው፤ እኛን የሚያዝዘን ወኪሉ ነበር። ሰሊጥ ፀሐይ ሲመታው ስለሚረግፍ ማልዶ መጀመር ግድ ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። የወኪሉ ሕግ አንድ ነበረች፦ በስተደቡብ ካለችው ብቸኛ ግራር አናት ላይ ሱሄል ሲደርስ፣ ሁሉም ማጭዱን ይዞ መስመሩ ላይ ይገኝ። የኮከቡን ስም ያስተማሩን የሱዳን ትራክተር ነጂዎች ናቸው። ፈልጎ የሚያጣው የለም፤ በዚያ በኩል እሱን የሚያህል ብርሃን አልነበረም።

አጨዳው ሲጀመር ሱሄል ግራሯ ላይ የሚደርሰው ከመንደሩ መስጊድ አዛን ከተሰማ በኋላ፣ ጎሕ ሲቀድ ነበር። እየዋለ እያደረ ነገሩ ተገለበጠ። መጀመሪያ አዛኑ መስመራችን ላይ ቆመን ደረሰብን። ኋላ ኋላ ግን በጨለማ እየዳበስን ብዙ አጭደን፣ ጣታችንን ቆርጠን፣ እባብ ፈርተን፣ አዛኑ ገና አልተባለም። አንድ ጎጃሜ፣ «ይኸ ኮከብ እሱም በኮንትራት የመጣ ነው መሰል፤ ቀን በቀን ይማልዳል» እያለ ያስቀን ነበር። እንስቃለን፤ መልሰን እናጭዳለን።

ማታ ሌላ ሕግ ነበር። ፀሐይ አዘቅዝቃ ወገባችን አልታዘዝ ሲለን፣ «አይበቃም?» እንለዋለን። ወኪሉ የሸሚዙን እጅጌ ገለጥ ያደርግና የእጅ ሰዓቱን አይቶ፣ «ገና ነው» ይላል።

በመጨረሻ እትዬ ስንዱን ወባ ያዛቸው። እየተንቀጠቀጡ ተነሥተው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው፣ ትከሻዬን ተደግፈው መስመሩ ላይ ሲደርሱ ሱሄል ግራሯን አልፎ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሏል።

«ስንዱ፣ ሱሄል አልፎሻል» አለ ወኪሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ሰነፍ ይዤ ሰሊጥ አላስረግፍም።»

በዕድሜ እናቱ ይሆናሉ። አንቺ አላቸው።

«አላረፈዱም» አልሁ እኔ። «አዛን እንኳ አልተባለም። ስንመጣ ከአዛን በኋላ ነበር የምንጀምር። ኮከቡ ነው የቸኮለ።»

«ኮከብ የሚቸኩል እናንተ አገር ነው» አለ። ሰው ሳቀ፤ ጎጃሜውም ሳቀ።

«ታዲያ ማታ ማታ የሚያዩት ሰዓት ጠዋት ይሞታል እንዴ?»

ሳቁ ቆመ። ወኪሉ እጅጌውን ወደ ታች ሳበ። ያችን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፤ ኮከቡ ቀን በቀን እንደሚቀድም ያላወቀ ሰው እጅጌውን ምን አስሳበው? ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው፣ «ይችን አፈኛ ይዘሽልኝ ውጪ» አላቸው። ፀሐይ ሳትሞቅ በትራክተር ተሳቢ ተጭነን ወደ ሸሕዲ ከተማ መንገድ ጀመርን።

እትዬ ስንዱ ወኪሉን አልረገሙም። ተሳቢው በየጎድጓዳው ሲያነጥረን፣ «በዕድሜዬ ሰነፍ ተብዬ አላውቅም» ብቻ ነበር የሚሉ።

ትምህርት የጀመርሁ ዘግይቼ ነው፤ ሸሕዲ ላይ፣ ከሥራ መልስ፣ ከእኔ ከሚያንሱ ልጆች ጋር። አንድ ቀን የጂኦግራፊ መምህሩ ምድር ፀሐይን ስለምትዞር ኮከብ ሁሉ ከትናንቱ ትንሽ ቀድሞ እንደሚወጣ፣ ያ ትንሽ ትንሽ በወር ውስጥ ሁለት ሰዓት እንደሚሞላ አስረዳን። ሌላው በደብተሩ ይገለብጣል፤ እኔ እስክሪብቶዬን ጨብጬ ቀረሁ። ያ ሁሉ ሰው እንቅልፉን በየቀኑ እየተሸረፈ ነበር፤ ሸራፊው ደግሞ ሰዓት ነበረው። ቤት ገብቼ ኩራዙን ፀሐይ፣ ሎሚ ምድር አድርጌ ለእትዬ ስንዱ አሳየኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና፣ «ይሁን ልጄ፤ ሌሎቹ ግን ደርሰው ነበር» አሉኝ።

ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው። የተወሰደውስ እንቅልፍ አለፈ፤ ስድቡ ግን ውስጣቸው ገብቶ ተቀመጠ። በሱሄል ቂም የለኝም፤ ግዙፍነቱም ውበቱም እውነት ነው። «ተስማምቶ» የምትለዋን ቃል ግን የሬዲዮው ሰው ይመልስልኝ።

እትዬ ስንዱ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ስለደከመ ኮከብ ማየት ከተዉ ቆይተዋል። ሆኖም የሰሊጥ ወር ሲደርስ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ትናንትም እንዲሁ ነበሩ።

«ልጄ፣ አለፈኝ?» አሉኝ።

«ገና ነው እትዬ» አልኋቸው። «ይተኙ።»