በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርሁት ክኒን

ውጋቱ የጀመረኝ ከምንጭ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ነው። ቀኝ ጎኔን ቀስፎ ያዘኝ። ብርድ ነው ብዬ ናቅሁት። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ አነደደኝ፤ አክታዬም ዝገት መሰለ። ባለቤቴና ወንድሞቹ በቃሬዛ ተሸክመው መካነ ኢየሱስ ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። ዘመኑ የጃንሆይ ነበር።

ሐኪሙ ደረቴን አዳምጦ «ኒሞኒያ ነው፤ የሳምባ ምች» አለ። ሰልፋ የሚባል ክኒን በየአራት ሰዓቱ ከብዙ ውሃ ጋር እንድውጥ አዘዘ። የምታስታምመኝ ሲስተር ዘነበች የምትባል ነርስ ነበረች።

ወቅቱ ሑዳዴ ነው። እኔ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አልቀምስም ብዬ ቆርጫለሁ። አምና በዚያው ጾም አራስ ሆኜ ጠዋት ጠዋት እበላ ነበር፤ ልጄ ክርስትና በተነሣ በሳምንቱ ሞተብኝ። ጾሙን በመሻሬ የመጣ ቁጣ ነው ብዬ አመንሁ። ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። ስለዚህ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የሚሰጠኝን ክኒን ምላሴ ሥር አቆይና፣ ሲስተር ዘወር ስትል ነጠላዬ ጫፍ ላይ እቋጥረዋለሁ። ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ!

ባሰብኝ። ትንፋሽ አጠረኝ። ከንፈሬ ጠቆረ። ሲስተር ነጠላዬን ልትቀይር ስታነሣው ቋጠሮው ተፈታና ክኒኖቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ።

ራሴን የሳትሁ መስሏቸው አጠገቤ ቆመው ተነጋገሩ። ሐኪሙ ተናዶ ነበር።

«ጾም እንዳትሽር ብላ ነው የደበቀችው። አድቅቀሽ በጥብጪና ጸበል ነው ብለሽ አጠጫት። ጸበል ጾም አይሽርም፣ እሺ ትላለች።»

«ጸበል ያልሆነውን ጸበል ነው አልላትም» አለች ሲስተር። «የንስሐ አባቷን ላምጣ።»

ከባለቤቴ ቤታቸውን ጠይቃ፣ እርሷም ጾመኛ ሆና፣ በእግሯ ሄደች። እኩለ ቀን ላይ መምሬ ካሳን ይዛ መጣች። ሁሉንም እያለቀስሁ ነገርኋቸው።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «አራስን ማን ጹሚ አላት? ልጅሽን ያንቺ ቁርስ አልገደለውም። ስለ ዘንድሮውም ጾም እኔ እሰግድልሻለሁ፤ አንቺ መድኃኒትሽን ዋጪ።»

ሲስተር ራሴን ደገፍ አድርጋ ኩባያውን አቀረበችልኝ። «ይህ ሰልፋ ነው፤ ውሃውም ተራ ውሃ ነው» አለች። ዋጥሁ።

ትኩሳቱ ከቀን ቀን እየበረደ ሄደ፤ ለሆሣዕና ግድግዳ ተደግፌ እስከ በር ደረስሁ፤ ለፋሲካም ባለቤቴ በበቅሎ ወደ ቤቴ ወሰደኝ፣ መንገዱን ሁሉ ስለ ሲስተር ሳወራለት አልሰለቸውም።

እንደኔ የታመማችሁ፣ ክኒን አትደብቁ፤ የከበዳችሁን ለንስሐ አባታችሁም ለሚያስታምማችሁም ንገሩ። የምታስታምሙም፣ ለድኅነቱ ብላችሁ እንኳ በሽተኛን አትዋሹት። የሲስተር ዘነበችን ውለታ እግዚአብሔር ይክፈልልኝ። ያን ቀን ብትዋሸኝ ኖሮ ሳምባዬ ይድን ነበር ይሆናል፤ ልጄን የገደልሁት እኔ ነኝ እያልሁ ግን እስከ ዛሬ እኖር ነበር።